የአባ ሳሙኤል ደለል፦ ይውጣ ወይስ ባለበት ይቆይ?

ይውጣ የሚሉት መሐንዲስ፦

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የሚገናኙት አዲስ አበባ አጠገብ ባለው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ቆዳ ፋብሪካዎች፣ ጋራዦችና ቀለም የሚያመርቱ ድርጅቶች ለአሥርት ዓመታት የለቀቁት ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም ከጭቃው ጋር እዚያ ተኝቷል። ከሀገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው ይህ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና ድጋፍ ዳግም ሥራ ቢጀምርም ደለሉና እምቦጩ ዛሬም ያንቁታል።

ማውጣት ይቻላል። ጭቃው በቧንቧ ተስቦ ፖሊመር የሚባል አጣባቂ ኬሚካል ሲጨመርበት ደቃቁ ቅንጣት ይቋጠራል፤ ከዚያ በትልልቅ የጨርቅ ከረጢቶች ይሞላል። አይብ የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ አጓቱ ይጠነፍፋል፣ አይቡ ጨርቁ ውስጥ ይቀራል። ብረቶቹ የሚጣበቁት በደቃቁ ጭቃ ላይ ስለሆነ አብዛኛው መርዝ ከአይቡ ጋር ይታሰራል። የጀርመኗ ሐምቡርግ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የወደቧን ደለል አሸዋውን ለይታ፣ ደቃቁን በመጭመቂያ አጠንፍፋ ስታስወግድ ኖራለች።

ባለበት ይቆይ የሚሉት የአፈር ኬሚስት፦

ወንድሜ፣ እኔ የምጠይቅዎት ስለ አጓቱ ነው። ደለሉ ከውሃ በታች አየር ሳያገኝ ሲቆይ ብዙዎቹ ብረቶች ከሰልፈር ጋር ተሳስረው ይቀመጣሉ። ወጥቶ አየር ሲነካው ሰልፋይዱ ከኦክሲጅን ጋር ይዋሃዳል፣ አሲድ ይፈጠራል፣ እርሳስና ካድሚየሙም ወደ ውሃው ይለቀቃሉ። ቆዳ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ክሮሚየም ሦስት የሚባለው የክሮሚየም ዓይነት ደግሞ ማንጋኒዝ ባለበት ጭቃ ውስጥ ሲደርቅ በከፊል ወደ ክሮሚየም ስድስት ሊለወጥ ይችላል፤ ካንሰር የሚያመጣው እርሱ ነው። ኖራ እንጨምራለን እንደሚሉ አውቃለሁ። ኖራ እርሳስን ይይዛል፤ ክሮሚየም ስድስትን ግን አይዝም።

ሐምቡርግ የምትለየው አሸዋ አላት። በአቃቂ ዙሪያ ያለው አፈር መረሬ ነው፤ በክረምት ያረሰው ገበሬ መረሬ ውሃን እንዴት ጨብጦ እንደሚይዝ ይነግርዎታል። የጠነፈፈውስ የት ይጣላል? ቆሼ መጋቢት 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ቀብሯል። ያንን ያየ ሰው ሌላ የመርዝ ክምር በማንም ደጃፍ አያስብም።

ደግሞም በፋብሪካ ሜርኩሪ የተመረዘችውን የጃፓኗን ሚናማታ ያስታውሱ። ፋብሪካው ሜርኩሪ መልቀቅ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ ጃፓኖች ደለሉን መጥረግ የጀመሩት በ1977 ነው። እኛ የፋብሪካዎቹ የፍሳሽ ቧንቧ ሳይዘጋ ስለ ከረጢት እንነጋገራለን።

መሐንዲሱ፦

የሚናማታን ታሪክ እስከ መጨረሻው እንናገረው እንጂ። እስከ 1990 ድረስ 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ደለል ተጠርጓል ወይም ተሸፍኗል። ሩቅ አልወሰዱትም፤ የባሕረ ሰላጤውን አንድ ክፍል አጥረው፣ የተጠረገውን እዚያው ከትተው በንጹሕ አፈር ሸፈኑት፣ 58 ሄክታር መሬት ወጣው። ስለዚህ የት ይጣል ለሚለው መልስ አለ፤ እዚያው ግድቡ ዳር፣ በተነጠፈና በተሸፈነ ጉድጓድ። የሞላ ግድብ ደለል መያዝ ያቅተዋል፤ ጎርፉ ጭቃውን ወደ አዋሽ፣ ከዚያም ወደ ቆቃ ይወስደዋል። እህቴ፣ ባለበት ይቆይ ሲሉ የሚቆይ ነገር ያለ ይመስልዎታል?

ኬሚስቷ፦

ይህን አልክድም፤ የቆቃ ዓሣ አጥማጅ የእኛን ክርክር አይጠብቅም። በአንድ ከረጢት ይጀመር። ክረምቱን በሙሉ ዝናብ ላይ ይቆይ፤ የሚጠነፍፈውን ውሃም በየሳምንቱ እኔው እለካዋለሁ። ክሮሚየም ስድስት ካገኘሁ ሁለተኛው ከረጢት አይሞላም።