«ዛሬ ዝግ ነው» ባዮችና የኛ አገር መካሪዎች

ለመጀመሪያ ጊዜ ባንኮክ ሊሄድ ትኬት የቆረጠ ሰው ከሻንጣው በፊት የሚሞላው ጆሮው ነው። አንዱ «ከሆቴል ንቅንቅ እንዳትሉ» ይላል፤ ሌላው «መንገድ ላይ ያናገራችሁን ሰው ቀና ብላችሁ እንዳታዩ» ብሎ ያስምላል፤ ኩላሊት ስለሚያወጡ ሰዎች በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት የሚልክ ዘመድም ከየቤቱ አይጠፋም። አክስቴ ለሕክምና ሲሄዱ አጃቢ ሆኜ በተጓዝኩበት ጊዜ እኛም ይህን ሁሉ ተሸክመን ሄድን። የሐኪም ቀጠሮ በሌለባቸው ቀናት ከተማዋን እንይ ብለን ስንወጣ ያንገላታን፣ ያበሳጨንና ኪሳችንን ሊያራግፍ የሞከረው ነገር ግን ከነዚያ ማስጠንቀቂያዎች በአንዱም ውስጥ አልነበረም። አንጀቴን ያሳረረውም ይኸው ነው፤ ስለ ባንኮክ ሲወራ የሚውለው ብዙ ሆኖ ሳለ ተጓዡን የሚጠቅመው ወሬ ግን ተፈልጎ አይገኝም።

ከአየር ማረፊያው ልጀምር። ታይላንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ማረጋገጫ ትጠይቃለች። ቢጫዋን ካርድ ቦርሳ ውስጥ መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ ወደ ፓስፖርት መቆጣጠሪያው ከመሄድ በፊት በጤና ቁጥጥሩ በኩል አልፎ ማሳየት ያስፈልጋል። በሱዋናፑም አየር ማረፊያ ከአዲስ አበባ አብሮን ከመጣው ሰው ብዙው ያንን ረጅም ሰልፍ ተሰልፎ መስኮቱ ጋ ሲደርስ «መጀመሪያ ጤና ቁጥጥር» ተብሎ ሲመለስ አየሁ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አክስቴም ከተመላሾቹ አንዷ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የውጭ አገር ሰው ከመድረሱ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት የሚሞላው የመግቢያ ካርድ አለ። ካርዱ አንድም ሳንቲም አይከፈልበትም። ያንኑ ነጻ ቅጽ ሞልቶ ገንዘብ የሚቀበል የጉዞ ወኪል ግን እዚሁ መሀል ከተማችን ውስጥ አለ፤ የመንግሥቱን ድረ ገጽ አስመስለው ከፍተው በዶላር የሚያስከፍሉም አሉ። ስለ ኩላሊት አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ድምፅ የሚልኩልን ወዳጆች ይህቺን በአንድ መስመር ጽፈው ቢልኩልን ምን ነበረበት?

ፍርሃቱ ከሰማይ የወረደ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 በማይንማር ማያዋዲ አካባቢ ካሉ የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ሰዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዚህ የሚቀልድ ካለ ጤነኛ አይደለም። ነገር ግን በዚህ መንገድ ያለቀሱት ወጣቶች በአብዛኛው ቤተ መቅደስ ሲጎበኙ ከመንገድ ላይ የታፈኑ ሳይሆኑ ጥሩ ደመወዝ ያለው የኮምፒውተር ሥራ ተገኝቶልሃል ተብለው፣ ትኬት ተቆርጦላቸው፣ ባንኮክ ከደረሱ በኋላ በመኪና ወደ ድንበር የተወሰዱ ናቸው። ይህ እንግዲህ ሥራ ፈላጊው ከአገሩ ሳይወጣ ሊሰማው የሚገባ ነገር ነው፤ የማያውቀው ሰው በስልክ የላከለትን የሥራ ውል አገላብጦ ያይ ዘንድ ሊነገረው ይገባል። እኛ ግን ሁለቱን ጨፍልቀን «ባንኮክ ሰው ይሸጣል» ብለን እናርፋለን። እንዲህ ያለው ወሬ ሥራ ፈላጊውን አያድነውም፤ ለሕክምናና ለጉብኝት የሚሄደውን ሰው ደግሞ ከሆቴል ክፍሉ ያስቀረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ ልግባ። ታላቁ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1782 ንጉሥ ራማ 1ኛ መናገሻቸውን ከወንዙ ማዶ ወደ ባንኮክ ሲያዛውሩ የተጀመረ ግቢ ነው፤ በውስጡ ያለው ዋት ፍራ ኬው ከአረንጓዴ ድንጋይ የተቀረጸውና ታይላንዳውያን ከሁሉ አብልጠው የሚያከብሩት የቡድሃ ምስል ያለበት ቤተ መቅደስ ነው። ልዩ የንጉሣውያን ሥነ ሥርዓት ካልገጠመ በቀር ግቢው በየቀኑ በኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ከሰዓት 9፡30 ድረስ ለጎብኚ ክፍት ነው። ከሳናም ቻይ የምድር ባቡር ጣቢያ ወጥቶ በነጩ የግቢው አጥር ሥር መሄድ ብቻ ነው። ሆኖም ያቺን አጭር መንገድ በሰላም የሚያስጨርስ ሰው የለም።

መጀመሪያ የመጡት ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሸሚዛቸው በደንብ የተተኮሰ፣ አንገታቸው ላይ ካርድ ያንጠለጠሉ ሰውዬ ነበሩ። እጆቻቸውን ገጥመው ዝቅ ብለው ለአክስቴ ሰላምታ አቀረቡ፣ ከየት እንደመጣን ጠየቁ፣ «ኢትዮጵያ! ቡና!» ብለው ፈገግ አሉ፤ ከዚያም ፊታቸውን አጨፍግገው መነኮሳቱ ጸሎት ላይ ስለሆኑ ቤተ መንግሥቱ እስከ ከሰዓት ዝግ እንደሆነ ነገሩን። ለኛ ያዘኑ ይመስሉ ነበር። ካርታ አወጡና በእስክሪብቶ ሦስት ቤተ መቅደሶች ከበቡ፣ በመጨረሻም «የመንግሥት የቅናሽ ሽያጭ ዛሬ የሚያበቃበት» ያሉትን አንድ የከበረ ድንጋይ መደብር አከሉበት፤ ሁሉንም አዙሮ የሚያሳየን ቱክ ቱክ በ40 ባት ብቻ እንደሚገኝም አበሠሩን፤ ባት የታይላንድ ገንዘብ ነው። ቱክ ቱክ ማለት እኛ ባጃጅ የምንለው ነው። ባጃጁም ለካ ከጀርባቸው ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ይጠብቀናል።

በአንድ የምሳ ሂሳብ ግማሽ ቀን የሚያንሸራሽር ሾፌር ትርፉ ከየት እንደሚመጣ መገመት አያቅትም። መደብሩ ለመጣለት ገዢ ሁሉ ለሾፌሩ ነዳጅ ይሞላለታል ወይም ድርሻውን ይሰጠዋል፤ ቤተ መቅደስ ውስጥ «በአጋጣሚ» አግኝቷችሁ ስለዚያው መደብር የሚያወራላችሁ ሌላ ሰውም የዚያው ሰንሰለት አባል ነው፤ ድንጋዩን ገዝታችሁ አገራችሁ ስትሸጡት እጥፍ ያወጣል ይሏችኋል፤ አገራችሁ ስትደርሱ የሚገዛችሁ የለም። ደላላ ከጥንትም ለኛ እንግዳ አይደለም። የኛው ደላላ ግን ቢያንስ ቤቱ ዝግ ነው ብሎ ከበሩ አይመልስህም።

አክስቴን ማሳመን ነው ያቃተኝ። «ልጄ፣ እኚህን የሚያህሉ አዛውንት በጠራራ ፀሐይ ይዋሻሉ እንዴ?» አሉኝ። በእጃቸው ይዤ ወደ ፊት ስሄድ ዞር እያሉ ሰውዬውን ይቅርታ በሚመስል አንገት መስበር ይሰናበቷቸው ነበር፤ እስከ በሩ ድረስም ስለ አስተዳደጌ ወቀሱኝ። ሰውዬው በወጉ ሳያበቁ ሁለተኛው መጣ፣ ቃል በቃል ያንኑ አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ «ክሎዝድ! ክሎዝድ!» እያለ ይጮኻል። በሩ ጋ ስንደርስ ግቢው ወለል ብሎ ተከፍቶ ሕዝቡ እንደ ጥምቀት ይተምማል። ቤተ መንግሥቱ በየቀኑ ክፍት መሆኑንና ሌላ የሚነግሯችሁን እንዳታምኑ የሚያስጠነቅቅ ማስታወቂያም ተለጥፏል።

ደሜን ያፈላው እንግዲህ ይህ ነው። ማስታወቂያ እስከ መለጠፍ ከተደረሰ ነገሩ የታወቀ ነው ማለት ነው። የቱሪስት ፖሊስ የሚባል ራሱን የቻለ የፖሊስ ክፍል አለ፤ በ1155 ሲደወል በእንግሊዝኛ ያነጋግራል፣ ቁጥሩን ሁሉም ስልኩ ላይ ይመዝግብ። ይህ ሁሉ እያለ ሰዎቹ ከአጥሩ ሥር ቆመው ጠዋት ማታ ይህንኑ ይደጋግማሉ። ከሚወስዱት ገንዘብ የባሰው ጉዳታቸው ደግሞ የደጉን ሰው ቦታ ማጥበባቸው ነው። በማግስቱ በታ ቲየን የጀልባ መሳፈሪያ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ዋት አሩን ቤተ መቅደስ የሚሻገረው ጀልባ በየትኛው በኩል እንደሚቆም ልታሳየን ቀረብ ያለች ተማሪ፣ አክስቴ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር ሲወትፉ አይታ፣ በጣቷ ብቻ ጠቁማን ራቅ ብላ ቆመች። እሷ ምን በወጣት?

ፍትሕ ለማድረግ ያህል ግቢው ውስጥ ከገባን በኋላ ያየነው ድካሙን ያስረሳል። በአለባበስም አክስቴ ማንንም አላስቸገሩም፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ስለሆነ ቁምጣ የለበሱ ፈረንጆች በር ላይ ሱሪ ሲገዙ እሳቸው በረጅም ቀሚሳቸውና በነጠላቸው ሰተት ብለው ገቡ። ጫማ ማውለቁማ ለኛ ምን አዲስ ነገር አለው? የመግቢያ ዋጋው ለውጭ ሰው 500 ባት ሲሆን ታይላንዳውያን በነጻ ይገባሉ፤ በዚህ ላይ እንዳላማርር ላሊበላ ላይ ፈረንጁን በዶላር የምናስከፍል ሰዎች መሆናችን ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ።

ስንወጣ ደግሞ የታክሲው ጣጣ ተቀበለን። የባንኮክ ታክሲ ቆጣሪ ከ35 ባት ነው የሚነሳው። በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የቆሙት ግን ቆጣሪውን በጨርቅ ሸፍነው ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ይጠራሉ፤ ቆጣሪውን ክፈትልን ሲባሉ ከእኔ ጋር ጉዳይ የላቸውም፣ መስኮቱን ዘግተው ወደ ቀጣዩ ሰው ነው። መፍትሔው ጥቂት በእግር ራቅ ብሎ የሚያልፍ ታክሲ ማስቆም ወይም ዋጋውን አስቀድሞ በሚያሳይ የስልክ መተግበሪያ፣ በግራብ ወይም በቦልት፣ መጥራት ነው። ከአየር ማረፊያው ሲወጣ ደግሞ ከማሽኑ ቁጥር ያለው ወረቀት ወስዶ በቆጣሪ መሄድ ይቻላል፤ በቆጣሪው ላይ 50 ባትና የፈጣን መንገድ ክፍያ ይጨመርበታል፣ ይህ ሕጋዊ ነው፣ አትጣሉ።

ስለ ሞት ያስፈራራን ሰው ሁሉ ደግሞ ትክክለኛውን ገዳይ አልጠራውም። እዚያ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ በልማድ ወደ ግራ አይቶ አስፋልት የሚገባ አበሻ ከቀኝ የሚመጣውን አያየውም። ዜብራ ላይ የሚቆምልህ መኪና እምብዛም የለም፣ ሞተረኛው የእግረኛ መንገድ ላይ ይወጣል። አክስቴን ይዤ በየመንገዱ መሻገሪያ ድልድይ ደረጃ መውጣትና መውረድ ከባድ ቢሆንም ሌላ ምርጫ አልነበረም።

ከተመለስኩ በኋላ በአማርኛ ስለ ባንኮክ የተሠሩ ቪዲዮዎችን ገባ ብዬ አየሁ። ሁሉም ዋት አሩን ፊት ለፊት የተከራዩትን የታይ ልብስ ለብሰው ይሽከረከራሉ፣ የተጠበሰ ጊንጥ ይዘው ይስቃሉ፣ «ጉድ ነው ወገኖች!» ይላሉ። ስለ ቢጫ ካርዱ፣ ስለ ነጻው ቅጽ፣ ስለ «ዛሬ ዝግ ነው» ባዮች አንዲት ቃል የለችም። ከአንደኛው ሥር አዛውንት ይዞ ለሚሄድ ሰው እነዚህን ነገሮች በቀጣዩ ቪዲዮ እንዲጠቅስ በትሕትና ጻፍኩለት። የሰጠኝ መልስ «ለተሟላ የጉዞ መረጃ በውስጥ መስመር ያናግሩን፣ ዋጋችን ተመጣጣኝ ነው» የሚል ነበር።