በጅማ ስንጥቅ ባዛልት፦ አግድም ጉድጓድ ወይስ ቁልቁል?

የክርክሩ ነጥብ፦ በጅማ ዙሪያ ከሚገኘው ስንጥቅ የእሳተ ገሞራ አለት ውሃ ለማውጣት አግድም ጉድጓድ መቆፈር ያዋጣል ወይ? የቁፋሮ መሐንዲሱ ያዋጣል ይላል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያዋ አያዋጣም ትላለች።

መሐንዲሱ፦ ከቀዩ አፈር ሥር ያለው ባዛልት ውሃ የሚያሳልፈው በገላው ሳይሆን በስንጥቁ ነው። ላቫው ሲቀዘቅዝ የፈጠራቸው ስንጥቆች ደግሞ አብዛኞቹ ሽቅብ የቆሙ ናቸው። በየ5 ሜትሩ ቆመዋል እንበል። የአፉ ስፋት 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁልቁል ጉድጓድ አንዱን ስንጥቅ የማግኘት ዕድሉ 4 ከመቶ ነው። 200 ሜትር የሚሄድ አግድም ጉድጓድ ግን ስንጥቆቹን ቀጥ ብሎ ካቋረጠ 40 ያገኛል። ሌላም አለ፦ ውሃ ያዘለው ንብርብር 15 ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ቁልቁሉ ጉድጓድ ሲሳብ ውሃው 8 ወይም 9 ሜትር ይወርድና የላይኞቹ ስንጥቆች ይደርቃሉ። አየር ገባ ማለት፣ ውሃው ብረት ካለበት፣ ዝገቱ ስክሪኑን (ውሃ የሚያስገባውን ባለ ቀዳዳ ቧንቧ) ይደፍናል። አግድሙ ግርጌ ላይ ተኝቶ ውሃ መሳቡን በርዝመቱ ስለሚያከፋፍል ውሃው ያን ያህል አይወርድም።

ባለሙያዋ፦ ስሌቱን እቀበላለሁ፤ አለቱን ግን ዘለሉት፣ ኢንጂነር። ላቫው አንድ ጊዜ ብቻ አልፈሰሰም፤ ተደራርቦ ነው የፈሰሰው። በአንዱ ፍሰትና በሌላው መካከል የተሰባበረና የበሰበሰ ድንጋይ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ዋናው ውሃ የሚገኘው እዚያ ነው። ይህ ንብርብር ደግሞ የተኛ ነው። 120 ሜትር የሚወርድ ጉድጓድ ብዙዎቹን በየተራ ይበሳቸዋል፤ የእርስዎ ግን አንዱ ውስጥ ተወስኖ ይቀራል። የስንጥቅ ብዛትም ቢሆን ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ፍሰቱ የሚያድገው በስፋቱ ኩብ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት በቀን 70 ካሬ ሜትር ያህል (የማሳለፍ አቅም የሚለካው በዚህ ነው) ውሃ የማሳለፍ አቅም ሲኖረው፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር 9 ገደማ ብቻ አለው። 40 ካገኙ በኋላ አንዱ ሁሉን ሊያስንቅ፣ የቀረው ስክሪን ሥራ ፈትቶ ሊተኛ ይችላል።

መሐንዲሱ፦ ሰፊው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ስለማይታወቅ እኮ ነው ብዙ መንካት የሚያስፈልገው!

ባለሙያዋ፦ አቅጣጫውን ካወቁ። ጉድጓዱ ከስንጥቆቹ ጋር 30 ዲግሪ ብቻ ከሠራ 40ው ወደ 20 ይወርዳል፤ ጎን ለጎን ከሄደ አንድም ላያገኝ ይችላል። ቁፋሮውስ? ሰፊ ስንጥቅ ላይ ሲደርሱ የቁፋሮው ጭቃ ድንገት ይጠፋል። ምርጡ ቦታ ያ ነው፤ በቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው በሚያብጥ ሸክላ) የሚደፈነውም ያው።

መሐንዲሱ፦ ቤንቶናይት አንጠቀምም። የሚበሰብስ ፖሊመር እንጠቀምና በኋላ በክሎሪን እንሰብረዋለን። አቅጣጫውንም በዘንባላ የኮር ቁፋሮ (የአለቱን ናሙና ሳይሰበር በሚያወጣ ቁፋሮ) እናገኛለን። የሚያጣራ ጠጠር በስክሪኑ ዙሪያ እኩል ማስገባት እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጠጠሩ ከፋብሪካ የታሸገበት ስክሪን ነው የምንስበው። ከቁፋሮ ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ የፓምፕ ሙከራው አተረጓጎም ነው።

ባለሙያዋ፦ እዚህ ላይ አንለያይም። አግድም ጉድጓድ መጀመሪያ ላይ ውሃውን ከዙሪያው ይስባል፣ ቀጥሎ ከጎንና ከጎን በቀጥታ፣ ዘግይቶ ብቻ ከሩቅ። የመጀመሪያውን መስመር በጃኮብ ዘዴ (የውሃውን መውረድ ከጊዜ ጋር በቀጥታ መስመር በሚያነብ ስሌት) የሚተረጉም ሰው የሚያገኘው የንብርብሩን አቅም ሳይሆን የጉድጓዱን ርዝመት ያዘለ ቁጥር ነው። 200 ሜትር ጉድጓድ፣ የንብርብሩ ውፍረት 20 ሜትር ከሆነ፣ አለቱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢያሳልፍ እንኳ ውጤቱ 10 እጥፍ ይጋነናል። ሁለተኛው ወጥመድ የስንጥቅ አለት ጠባይ ነው። መጀመሪያ ሰፋፊዎቹ ያጠጣሉ፣ ከዚያ ደቃቆቹና የተቦረቦረው ድንጋይ ይደግፋሉ፤ ያን ጊዜ ውሃው መውረዱን ያቆመ ይመስላል። ሙከራውን 6 ሰዓት ብቻ ስበው ዘግተው «ረግቷል» ብለው ፓምፕ ይመርጣሉ፤ ውሃው ግን ኋላ ወርዶ ፓምፑን ያጋልጠዋል። 72 ሰዓት ይሳብ፣ ፓምፑ ከቆመ በኋላ የውሃው ማገገሚያም ይለካ።

መሐንዲሱ፦ ይሁን። ግን ጂሬን ኮረብታን ያስቡ፦ ከተዳፋቱ ወደ ውስጥ፣ ጥቂት ሽቅብ አዘንብሎ ቢገባ ውሃው ያለ ፓምፕ፣ ያለ መብራት ይወርዳል።

ባለሙያዋ፦ ሌትና ቀን ይወርዳል! ክረምት ላይ የሞላውን ማንም ሳይጠቀምበት ወደ አዌቱ ወንዝ ያፈሰዋል። ጉሮሮው ላይ ቫልቭ ካልተገጠመ፣ ከበታች ያሉት ምንጮች በበጋ ይደርቃሉ።

መሐንዲሱ፦ ቫልቩ ይገጠማል። ምንጮቹንም ከቁፋሮ በፊት አንድ በጋ በባልዲና በሰዓት እንለካለን።

ባለሙያዋ፦ ዝናቡ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ አንድ በጋ አይበቃም። ሁለት ይሁን፤ ያኔ ስለ ጂሬን ብቻ እንነጋገራለን፣ ሜዳው ላይ ግን ቁልቁል ይቆፈር።