ጸጥታ ፍለጋ በኮሚቴ

አዲስ አበቤ ጸጥታ ሲናፍቀው መጀመሪያ የሚያደርገው የቴሌግራም ግሩፕ መክፈት ነው። በማግስቱ ግሩፑ ከመርካቶ ይብስበታል። በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፤ በእድር ያደገ ሕዝብ ያለ ገንዘብ ያዥ ማረፍ አይሆንለትም።

ለአንድ ሌሊት የሚኬድበት ቦታ ቱሉ ጉዶ የምትባል የዝዋይ ሐይቅ ደሴት ነው። ጀልባ የሚያዝባት የሐይቁ ዳር ከተማ ባቱ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፎ፣ መቂን አልፎ። ሐይቁ ላይ ካሉት አምስት ደሴቶች ትልቋ ቱሉ ጉዶ ናት፤ የዛይ ብሔረሰብ ሰዎች ተዳፋቱን በእርከን እያረሱ፣ ዓሣ እያጠመዱ የሚኖሩባት፣ ኮረብታዋ ላይ ደብረ ጽዮን ማርያም ያለችባት። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ስታጠፋ ታቦተ ጽዮን እዚህ ተሸሽጋ እንደቆየች በትውፊት ይነገራል። ከዮዲት የሸሸገች ደሴት ከአለቃ ስልክ መሸሸግ አያቅታትም ነበር፤ ችግሩ ሸሺው ስልኩን ይዞ መምጣቱ ነው።

ቀን ሲመረጥ ክረምቱን መተው ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩም ጥሩ ነው፣ ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ወፎችም ይኖራሉ። ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ናት፤ ለማንገሥ የሚሄድ ይሂድ፣ ጸጥታ ፈላጊ ግን ሌላ ቀን ይፈልግ። ጾም ላይ ከዋለ ደግሞ «ዓሣ ይበላል፣ አይበላም» የሚለው ክርክር ዓሣው ተጠብሶ ካለቀ በኋላም ይቀጥላል።

ቀጥሎ የሰው ብዛት። «እመጣለሁ» ያለ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ብር የላከ ነው። አሥራ አምስት ስም ከተመዘገበ ሂሳቡን በዘጠኝ ሰው ሥሩት። ጀልባ የምትከራየው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን ሙሉዋን ነውና የቀሪዎቹ ድርሻ በሄዱት ላይ ይወድቃል። ከታሰበው በላይ ሰው ከመጣ መዋጮው ይቀንሳል፣ ገንዘብ ያዡም ይመረቃል። ከባለጀልባው ጋር ዋጋ ከመቁረጥ በፊት ደርሶ መልስ መሆኑን፣ ነዳጁ የማን እንደሆነና በማግስቱ ስንት ሰዓት መጥቶ እንደሚወስዳችሁ ተነጋገሩ። ግማሹን ስትሳፈሩ፣ ግማሹን ስትመለሱ ስጡ። ሙሉውን አስቀድሞ የከፈለ ሰው እሁድ ጠዋት ዳር ቆሞ ነጠላ ሲያውለበልብ ይታያል።

የሕይወት አድን ጃኬት አንድ በአንድ ይቆጠር። «አለ» ሲባል አለ ማለት አይደለም፤ ዘጠኝ ሰው ዘጠኝ ጃኬት። ከታደለ በኋላም ግማሹ ሰው ትራስ አድርጎ ይቀመጥበታል፣ ምክንያቱም በፎቶ ላይ ያወፍራል።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ሰዓት። ዝዋይ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀት የለውም፤ ከሦስት ሜትር የማይዘለው ቦታ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል፤ ማዕበሉ አጭርና ድንገተኛ ስለሚሆን ጀልባዋን እያነሳ ያፈርጣታል። ጠዋት ሐይቁ ረጋ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ስለዚህ ከባቱ እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት መነሳት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከአዲስ አበባ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው አለ። «ደረስኩ፣ ጥግ ላይ ነኝ» ሲል ገና ካልሲውን እየፈለገ ነው። ሲኤምሲ የጠፋች ካልሲ ዝዋይ ላይ ማዕበል ትሆናለች። ለዚህ ሰው ቀጠሮውን በአንድ ሰዓት አሳንሳችሁ ንገሩት፤ ለሌሎቹ እንዳትነግሩት። የመንገዱን ሁኔታም በዋዜማው ባቱ ለሚያውቁት ሰው ደውሎ መጠየቅ ነው።

ጭነት ላይ ኮሚቴው ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን ፍየል ካልተጫነ ይላል፣ ሁለተኛው ረከቦት። ሁለቱም ባቱ ይቅሩ። ለቡና ተቆልቶ የተወቀጠ፣ ጀበናና ሲኒ፣ ትንሽ ከሰል ይበቃል። ውኃ ላይ ግን አትሰስቱ፤ ለሰው በቀን ሦስት ሊትር፣ ለዘጠኝ ሰው ለሁለት ቀን 54 ሊትር፤ ባለ ሁለት ሊትሩ ስድስት ፍሬ እሽግ አምስት ያህል ማለት ነው። የሐይቁ ውኃ አይጠጣም። ደንገል ውስጥ ቆሞ እግር መዘፍዘፍም ቢልሃርዚያ አለበት፤ ፎቶው ደረቅ ድንጋይ ላይም ያምራል።

ዓሣ ከዚያው ከአጥማጅ ይገዛል፣ ቆሮሶ። የአዲስ አበባ ሰው ዓሣ ሲጠብስ የሚፈረፈርበት ዘይቱ ሳይግል ስለሚጨምር፣ ከዚያም በየሰኮንዱ ስለሚያገላብጥ ነው። ጎኑን በቢላ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጉት፣ ጨውና ሎሚ ይግባበት፣ በንጹሕ ጨርቅ በደንብ ይድረቅ፣ ዱቄት ይነስነስበት። ዘይቱ ዱቄት ጣል ሲደረግበት ካልተንጫጫ ገና ነው። ቆዳው ከመጥበሻው ራሱን ሲያላቅቅ አንድ ጊዜ ብቻ ይገለበጥ። ምክር ሰጪ አምስት፣ ሽንኩርት ላጪ አንድ መሆኑ ግን መድኃኒት የለውም።

ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት የአካባቢውን ሽማግሌዎች አስፈቅዱ፤ በዚያውም ጉማሬ በየት እንደሚወጣ ይነግሯችኋል። ጉማሬ ማታ ሣር ሊግጥ በለመደው መንገድ ነው የሚወጣው፤ ኮሚቴ አጽድቆታል ብሎ አይዞርም። ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ስትወጡ ነጠላ ያዙ፣ ጫማ ደጅ ይወልቃል፤ የብራና መጻሕፍቱን ለማየትም ሆነ ፎቶ ለማንሳት ካህናቱን ጠይቁ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ የተፈለገው ጸጥታ ይመጣል። ሰዉ ለሩብ ሰዓት «አቤት! እንዴት ደስ ይላል» ይላል፤ ከዚያ አንዱ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ይወጣል፣ ሌላው ስፒከሩን ያወጣል። ድምፅ በውኃ ላይ ሩቅ ይሄዳልና ሌሊት መረቡን ሊያነሳ የሚነቃው አጥማጅ በማያውቀው ሰው ልደት ይታደማል። ስፒከሩን ባቱ፣ ከፍየሉ ጋር ተዉት።

ሂሳብ የሚዘጋው በመልሱ፣ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ሞጆ ሳይደረስ ነው። ደረሰኙ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ጎዶሎው እዚያው በቴሌብር ይላክ። ከሞጆ በኋላ ዕዳ ያለበት ሰው ሁሉ እንቅልፍ ይወስደዋል።