ጥቁሮቹ ቁልፎች አራቱንም ቅኝት አይሸከሙም

ወንድሜ፣ ጅማ ላሉ ጀማሪ የኪቦርድ ተማሪዎች «የኢትዮጵያ ዜማ ለመድረስ አምስቱ ጥቁር ቁልፎች ይበቃሉ» ያልከው ብዙ ሰው የሚደግመው ስሕተት ነው። ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ይበልጥ የሚያሳስተው።

አራቱ ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማ የሚደረስባቸው የድምፅ ስልቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። በተከታታይ ጥቁሮች መካከል ያለው ርቀት ሁለት ወይም ሦስት ግማሽ ድምፅ ነው፤ ግማሽ ድምፅ ማለት ነጭም ጥቁርም ሳይዘለል ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው። ከ«ፋ ሻርፕ» (በግማሽ ድምፅ ከፍ ካለው ፋ) ከተነሣህ ትዝታ ሜጀር፣ ከ«ሬ ሻርፕ» ከተነሣህ ባቲ ማይነር ታገኛለህ። እዚህ ድረስ ልክ ነህ። አምባሰል ግን ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ገና የመጀመሪያው እርምጃ አንድ ግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ጥቁሮቹ ላይ ፈልገህ አታገኘውም። አንቺ ሆዬም እንዲሁ፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ተማሪው እነዚህን ሁለቱን ካላወቀ የሚደርሰው ዜማ ሁሉ ትዝታ ትዝታ ይላል፤ ይህ በጣም ያሳዝናል።

አጃቢ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በአምባሰል ሲታጀብ እጅ በልማድ ዶ ሜጀር ኮርድ (ዶ፣ ሚና ሶል አብረው ሲመቱ) ላይ ያርፋል። ያኔ ሚ ይገባና ከዘፋኙ ፋ ጋር ይጋጫል። ሚን ትተህ ዶንና ሶልን ብቻ ያዝ፣ ወይም ፋ ማይነር ተጫወት፤ ፋ፣ ላ ፍላትና ዶ ሦስቱም የቅኝቱ ድምፆች ናቸው።

ልዩነቱን ለማስተማር ክራር ይሻላል። በአምባሰል የተቃኘውን ክራር ሶሉን በግማሽ ድምፅ አላላው፣ ላ ፍላቱን በግማሽ ድምፅ አጥብቀው፤ አንቺ ሆዬ ይሆናል።