እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ

ሌላ የካሜራ ሌንስ ተገዝቷል። እንኳን ደስ ያለን!

የሌንሱን ፎቶ ሐሙስ ማታ ተለጥፎ አየሁት። ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው፣ አፉ ስኒ ያስገባል። ጠረጴዛ ላይ እንደ ሙሽራ ተሰይሟል። ከሥሩ «ተመስገን፣ ይህንንም አየን» ይላል። መዓት ሰው «ይመችህ» ብሎታል። እኔም ብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። የሌንሱ ፎቶ የተነሳው በስልክ ነው።

ወንድማችንን ታውቁታላችሁ። ስሙን ምን አስጠራኝ፤ በየሰፈሩ አንድ አለ። ደብረ ብርሃን ላይማ ሁለት ሦስት ሳይኖር አይቀርም። አንገቱ ላይ አንድ ካሜራ፣ ትከሻው ላይ ሌላ ካሜራ፣ ጀርባው ላይ የሳምንት ስንቅ የያዘ የሚመስል ቦርሳ። ቦርሳው ሲከፈት ግን ቆሎ እንኳ የለበትም። ሌንስ፣ ባትሪ፣ የሌንስ መጥረጊያ፣ የመጥረጊያው መጥረጊያ። የሚተዳደርበት ሥራ ሌላ ነው፤ ፎቶ የሚያነሳው «ለነፍሱ» ነው። የኛን ነፍስ የሚጠይቅ የለም እንጂ።

እሱን በጀርባው ማማት ሰልችቶኛል። ዛሬ ላመሰግነው ነው የተነሳሁት።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ፎቶው ሲበላሽ ጥፋተኛውን ፈልጎ አይደክምም። ካሜራው ነው። ፎቶው ቢጨልም ካሜራው፣ ቢደበዝዝ ሌንሱ፣ የሙሽሪት እናት ግማሽ ሆነው ቢቀሩ ሜሞሪ ካርዱ። ስለዚህ ይሸጣል፣ ይጨምራል፣ ይገዛል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ነበረው። ይሄ ማለት 6000 በ4000 ነጥብ ነው፤ ትልቅ አድርገህ አሳትመህ ሳሎን ብትሰቅለው አያሳፍርም። ለሱ ግን አነሰው። እጥፉን ገዛ። ከዚያ ፎቶውን በቴሌግራም ላከልኝ። እንደ ፋይል አይደለም፣ እንዲሁ እንደ ፎቶ። ቴሌግራም ደግሞ ጨመቀው፣ ጨመቀው፣ የበሬ ዋጋ የወጣበት ፎቶ ጥፍር አክሎ ስልኬ ላይ ደረሰ።

አንዳንድ ምቀኛ አለ። «50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 የምትባል ትንሽ ሌንስ አለች» ይለዋል። «ቀላል ናት፣ ከሌሎቹ ርካሽ ናት፣ ብርሃን ያነሰበት ቤት ውስጥም ትሠራለች። እሷን ብቻ ይዘህ ሁለት ወር ዙር። ዙም ስለሌላት እግርህ መጠጋትና መራቅ ይለምዳል።» ይሄ ምክር ነው ስድብ? ወንድማችን ይህን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሰው በእግሩ ሊሄድ ነው እንዴ? «እሷማ የጀማሪ ናት» ብሎ ዘጋው። እውነቱን ነው። እሱ ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዛሬም እየጀመረ ነው።

ብርሃን ላይም ወደር የለውም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እዚህ ሳሉ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፣ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ። የኛ ሰው እዚያው ደብረ ብርሃን፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቆሞ፣ በጥር፣ ደመና በሌለበት ሰማይ ሥር «ላይት የለም» ይልና ፍላሽ ይሰካል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይዋ ከጎን ስትመጣ፣ እሱ ተኝቷል። ተነስቶ፣ ፍርፍሩን በልቶ፣ ልክ 6 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ፀሐይ አናት ላይ ናት። ግንባር ያብለጨልጫል፣ ዓይን ጉድጓድ ይገባል፣ የአፍንጫ ጥላ ከንፈር ላይ ጺም ያበቅላል። አንዷን የሰፈራችንን ሙሽራ እንዲህ አድርጎ ከአያቷ ጋር አመሳስሏታል።

አንኮበር ወጥቶ ደግሞ ማታ ገደሉን በፍላሽ ያነሳል። ገደሉን! ካሜራው አናት ላይ ያለችው ፍላሽ ጥቂት ሜትር ሄዳ ትደክማለች። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ብቻ ነው። ማዶውማ ሌላ ወረዳ ነው። ፎቶው ላይ የበራው ከፊቱ ያለ ቁጥቋጦ ብቻ ሆነ። ቁጥቋጦው ግን አምሮበታል፣ ሐሰት አልናገርም።

አሁን ወደ አውድማው ልምጣ። ይሄን ሳልናገር ብሞት ይቆጨኛል።

አክስቴ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ፣ ገባ ብሎ ነው ቤቷ። ታኅሣሥ ላይ ወንድማችን «ኦሪጂናል ገጠር አሳየኝ» ብሎ ጨቀጨቀኝ። ወሰድኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።

የደረስነው 9 ሰዓት ላይ ነው። ገብስ እየተወቃ ነበር። በሬዎቹ አውድማው ላይ ሲዞሩ ውለዋል። አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ነፋስ መጣ። ጋሼ፣ የአክስቴ ባለቤት፣ መንሹን አነሱና መበተን ጀመሩ። ገብሱ እግራቸው ሥር ይወርዳል፣ ገለባው ወደ ጎን ይበራል። ፀሐይዋ ከጀርባቸው ዝቅ ብላለች። እያንዳንዱ ገለባ ለብቻው እሳት የተለኮሰበት ይመስላል። እኔ ፎቶ አላውቅም፤ ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ወንድማችን በዚያች ሰዓት ምን ያደርጋል? ሌንስ ይቀይራል።

ቆሞ የሚቀይረውም ገለባው በሚበርበት በኩል ነው፣ ካሜራውን አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ። ሌንስ የሚቀየረው ለነፋስ ጀርባ ሰጥቶ፣ ካሜራውን ወደ ታች ደፍቶ፣ ቶሎ ነው። ይህን ፎቶ ቤት በር ላይ የሚውል ሊስትሮ ሳይቀር ያውቃል። ብናኙ ሴንሰሩ ላይ፣ ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ሰሌዳ ላይ፣ ተለጠፈ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ያነሳው ሰማይ ሁሉ ቁንጫ የመሰለ ነጥብ አለበት። «ሴንሰሩ ፋብሪካው ላይ ችግር አለበት» ይላል።

ሌንሱን ቀየረ። አልወደደውም። መለሰው። ባለ ሦስት እግሩን ዘረጋ፤ አንዱ እግር ገብሱ ውስጥ ገባ። አወጣው። ፊልተር ጠረገ። ቀና ሲል አውድማው ጸጥ ብሏል። ገብሱ እዚህ፣ ገለባው እዚያ። ጋሼ ላባቸውን እየጠረጉ ነው።

«ፋዘር፣ እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ» አለ።

«ምኑን ልጄ?»

«መበተኑን።»

«ገብሱ እኮ ጠራ። ምኑን እበትነዋለሁ?»

ወንድማችን ትንሽ አሰበ። ከዚያ ያለውን ነገር እስካሁን ለብቻዬ ስሆን እደግመዋለሁ። «ገለባውን መልሰን ብንቀላቅለውስ?»

ጋሼ ወደኔ ዞሩ። «ምን አለ?» አሉኝ። ጆሯቸውን ተጠራጥረው ነው። «ገለባውን መልሰው ይቀላቅሉልኝ ነው የሚለው» አልኳቸው። በሬው እንኳ ማመስኳቱን ያቆመ መሰለኝ። ዘሩን የዘሩት፣ ያረሙት፣ ያጨዱት፣ የወቁት ሰውዬ ገለባ እንዲቀላቅሉ ተጠየቁ። ግን እንግዳ እንግዳ ነው፤ እንግዳን እምቢ ማለት ያሳፍራል። ሁለት ቁና ገለባ አምጥተው ገብሱ ላይ ደፉ።

ነፋሱ ቆመ።

ጋሼ በተኑ። ገብሱም ገለባውም ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ቀጥ ብሎ አናታቸው ላይ ተመለሰ። «አሪፍ ነው ፋዘር፣ አንዴ ብቻ!» በተኑ። ተመለሰ። «ትንሽ ከፍ!» በተኑ። «ፈገግ ይበሉ፣ ግን ወደ ካሜራው እንዳያዩ!» ጋሼ መንሹን አቆሙ። «ልሳቅ ወይስ ልሥራ?» አሉ። «ሁለቱንም» አላቸው። ሰባት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። በሰባተኛው ጢማቸው የአውድማ ጥራጊ ሆኖ ነበር።

እኛ አገር ፀሐይ ስትገባ አታመነታም፤ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ሌላ አገር ያለ ሰው ረጅም ምሽት እያለው ይንቀባረር ይሆናል። እዚህ ግን ሌንስ ስትቀይር ቆይተህ ብርሃኗን ማሯሯጥ የለም። 12 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ገባች፣ ወዲያው ጨለመ። ወንድማችን «ላይቱ አላመቸም» ብሎ ባትሪ ቻርጅ ሊያደርግ መኪና ውስጥ ገባ።

ነፋሱ የተመለሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ጋሼ ጋቢያቸውን ጣሉና ያንን የተቀላቀለ ገብስ እንደገና መለየት ጀመሩ። እኔ ከጎን በኩል የስልኬን መብራት ያዝኩላቸው። ዙሪያው ድቅድቅ ጨለማ፣ መሐል ላይ አንድ ሽማግሌ፣ ላያቸው ላይ የሚበር የብር ብናኝ። የቀኑ ፎቶ እሱ ነበር። ያነሳው የለም።

በማግሥቱ ጠዋት አክስቴ ፎቶ ልትነሳ ወጣች። ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ነበር። ማታውኑ ነው አጥባ ያሰጣችው። በሩ ውስጥ፣ ደፉ አጠገብ፣ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጋ ተቀመጠች። ከኋላዋ ቤቱ ጨለማ ነው፤ ከፊቷ የጠዋት ለስላሳ ብርሃን ይገባል፤ ነጠላዋ ብርሃኑን መልሶ አገጯ ሥር ይልከዋል። ፈረንጅ ስቱዲዮ ተከራይቶ፣ ጃንጥላና ጨርቅ ዘርግቶ የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። የቀረው ትንሽ ነገር ነበር። ካሜራ ነጭ የሞላበት ነገር ሲያይ «በዛ» ብሎ ያጨልማል፤ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ የኛ ፊት ደግሞ ከሰል። ስለዚህ ኤክስፖዠሩን፣ ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን፣ አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ነው። አንዲት ቁልፍ መጫን። አለቀ።

ወንድማችን አያትና «ማዘር፣ ይሄን አውልቀው የቤቱን ቢያደርጉትስ? ያረጀ፣ ቀደድ ያለ የለዎትም? ይሄ ኦሪጂናል አይመስልም» አለ።

እዚህ ላይ ምስጋናዬን አቆማለሁ። አክስቴ ተነስታ ገባች። አሮጌውን ለብሳ ስትመለስ ዓይኗን ከኔ አሸሸች። ለፎቶው ብላ በውርጭ ውኃ ያጠበችው ነጠላ ጓዳ ተጥሎ ቀረ። አንተ ምን ቤት ነህና ነው ድህነቷን የምታለብሳት? ለራስህ ፎቶማ ሸሚዝህን ተኩሰህ፣ ጸጉርህን ተላጭተህ ነው የምትቆመው። የእናት አሮጌ ልብስ ላንተ ጌጥ ነው? ያን ጊዜ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አክስቴን አሳፍሮ ስንት «ይመችህ» እንዳገኘበት ደግሞ አውቃለሁ።

እሺ። ወደ ምስጋናው ልመለስ።

ጣርማ በርን ሳላነሳ አላልፍም። እዚያ በብርዱ ጉም ሲያነሳ ያረፍዳል፣ ከዚያ መኪናው ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። በረዶ የሆነ ሌንስ ሙቀት ሲያገኝ ያልበዋል። ቦርሳውን ዘግቶ ትንሽ ቢታገሥ፣ ቀስ ብሎ ሙቀቱን ይለምዳል። እሱ ግን ከመኪና ሳይወርድ ከፍቶ በሸሚዙ ይጠርጋል፣ ያልበዋል፣ ይጠርጋል። የሸዋ ሮቢት ፎቶዎቹ ሁሉ ጉም አለባቸው። ሸዋ ሮቢት ላይ ጉም ያየ የመጀመሪያው ሰው ነው።

መንዝ ጓሳም ሄዷል። ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ሣሩን ሲግጥ ይውላል፣ ሲመሽ ይወርዳል። ወንድማችን ሜኑ ውስጥ የሆነ ነገር ሲፈልግ ወረዱ። የሣሩን ፎቶ ይዞ መጣ። ጥምቀት ላይ ያነሳው ደግሞ የሌላ ፎቶ አንሺ ጀርባ ነው፤ ያኛውም የሦስተኛውን ጀርባ እያነሳ ነበር። ካህናቱ የት እንደነበሩ እግዜር ይወቅ።

መማሩንም አልተወም። ማታ ማታ ዩቲዩብ ላይ ይማራል። ሁለት ሰዎች ሁለት ሌንሶችን በአንድ የጡብ ግድግዳ ላይ ሲያወዳድሩ አንድ ሰዓት ያያል። ግድግዳውን በልቡ ያውቀዋል። አንድ ቀን «ያነሳሃቸውን ሃያ መጥፎ ፎቶዎች አውጣና ለምን እንደተበላሹ እያየን እናውራ» ብለው ለሳምንት አኮረፈኝ።

ፋሲካን አክስቴ ዘንድ ነበርኩ። ጠላ ጠምቃለች፣ ከዚያው ከታኅሣሡ ገብስ። ቀድታልኝ ሳታስቀምጠው «ያ ልጅ ፎቶውን አልላከም?» አለች። ግድግዳዋ ላይ ለፎቶው ሚስማር መትታለታለች። ከጎኑ ድሮ ደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት የተነሱት የሠርጋቸው ፎቶ አለ። በአንድ አምፖል የተነሳ፣ «ሐሙስ ኑ» ተብለው ሐሙስ ሄደው የወሰዱት።

እዚያው ደወልኩለት።

«ኤዲት ላይ ነው» አለኝ።

ጋሼ ጠላቸውን ጨለጡ። ከንፈራቸው ላይ የቀረች ነገር በጣታቸው አንስተው ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው አዩአት።

«ገለባ» አሉ።