የፕሮቪደንት ፈንድ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ፈራሚ ብቻ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ደውሎ መስሪያ ቤታቸው የፕሮቪደንት ፈንድ ኮሚቴ አድርጎ እንደመረጠው ነገረኝ። እንኳን ደስ አለህ ልበል ወይስ እግዜር ያግዝህ ሳላውቅ እሱ ቀጠለና "ባክህ ምን ስራ አለው፣ ሁሉን ፋይናንስ ይሰራዋል እኛ መፈረም ነው" አለኝ። እኔም የዛሬ ስንት አመት ስመረጥ ልክ እንደዚህ ነበር ያልኩት፣ ለዛ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ። በ2003 አዋጅ ቁጥር 715 እስኪወጣ ድረስ የግል ድርጅት ሰራተኛ እንደ መንግስት ሰራተኛ ጡረታ አልነበረውም፣ እድለኛ ከሆነ ድርጅቱ ፕሮቪደንት ፈንድ አለው፣ በየወሩ ከደሞዙ ይቆረጣል አሰሪውም የራሱን ይጨምራል፣ ሲለቅ ተጠራቅሞ ይሰጠዋል። አዋጁ ሲመጣ ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው ሰራተኞች እዛው እንዲቀጥሉ ወይ ወደ ጡረታው እንዲገቡ ምርጫ ተሰጣቸው፣ እዛው የቀሩ አሉ፣ ከጡረታው በተጨማሪ ፕሮቪደንት የሚይዙ ድርጅቶችም አሉ።

ልዩነቱ ምንድነው መሰላችሁ፣ ጡረታው ላይ ከሰራተኛው 7 በመቶ ከአሰሪው 11 በመቶ ይወጣና ወደ መንግስት ቋት ይገባል፣ አሰሪው መዋጮውን ሳያስገባ ከቆየ ደግሞ ጡረታውን የሚያስተዳድረው የመንግስት መስሪያ ቤት ከድርጅቱ የባንክ ሂሳብ ላይ እስከማስቆረጥ ስልጣን አለው። ትንሽ ድርጅት ውስጥ ያለ ፕሮቪደንት ፈንድ ግን እንደዚህ የሚከታተለው ሰው የለም። 30 ወይ 40 ሰራተኛ፣ አንድ የባንክ ደብተር፣ አንድ መተዳደሪያ ደንብ፣ አራት አምስት የኮሚቴ አባል። በቃ። ኮሚቴው ካላየው ማንም አያየውም።

እኛ ጋ የነበረው ይሄ ነው። በሶስት ወር አንዴ አርብ ከሰአት ፋይናንስ ቢሮ እንሰበሰባለን፣ ሻይ ይመጣል፣ ቃለ ጉባኤው ቀድሞ ተተይቦ ይጠብቀናል፣ የእያንዳንዱ ሰራተኛ ስምና የተጠራቀመለት ብር በኤክሴል ታትሞ ይቀርባል፣ ከፈንዱ ብድር የጠየቁ ሰራተኞች ዝርዝር ይነበባል፣ እንፈርማለን እንወጣለን። ያ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥርና ባንክ ያለው ብር አንድ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የባንክ ስቴትመንት፣ ማለትም ባንኩ ገቢና ወጪውን ዘርዝሮ የሚሰጠውን ወረቀት፣ በአይኔ ሳላይ ሁለት አመት ፈርሜያለሁ።

ከዛ አንድ የጥበቃ ሰራተኛችን ጡረታ ወጡ። ጋሼ ነበር የምንላቸው፣ በሩ ላይ ብዙ አመት የቆሙ ሰው ናቸው። ብራቸው ሊሰራላቸው ሲባል አካውንቱ ውስጥ የሳቸውን ከፍሎ የሌላውን የሚያስቀር ገንዘብ የለም፣ ሲጣራ ሰባት ወር ሙሉ ከደሞዛችን የተቆረጠው ገንዘብ ወደ ፈንዱ አካውንት አልገባም፣ የአሰሪውም ድርሻ አልገባም። ማናጀሩ ክፍያ ዘግይቶብን ነው ለጊዜው ለደሞዝ ተጠቀምንበት አለ። እውነቱንም ነበር፣ ማንም ኪሱ አልከተተውም። የራሳችንን ተቀማጭ መልሶ ደሞዝ ብሎ ሲከፍለን ነበር ማለት ነው።

ጋሼ ቢሮ ሲገቡ የያዙትን አልረሳውም። የብዙ አመት ፔይ ስሊፕ (በየወሩ የሚሰጥ የደሞዝ ዝርዝር ወረቀት) ነው፣ በላስቲክ አስረው ፌስታል ውስጥ አድርገው አንዷን ሳይጥሉ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና እኔን አይተው "ልጄ እኔ ቁጥር አላውቅም፣ እናንተ አላችሁ ብዬ ነው የተውኩት" አሉኝ። ብራቸውን በሶስት ጊዜ ተከፍሏቸው ወስደዋል፣ ግን ሲመላለሱ ወራት አልፏል፣ ያ ሁሉ ታክሲ፣ ያ ሁሉ ጠዋት በር ላይ ቆሞ መጠበቅ፣ እሳቸው ራሳቸው ሲጠብቁት በነበረው በር።

ከዛ በኋላ ብዙ ያሰብኩበት ነገር ይሉኝታ ነው። ከኮሚቴው አንዱ ሰፈሩ ውስጥ የእድር ገንዘብ ያዥ ነው፣ እዛ 20 ብር ብትጎድል ደረሰኝ አምጣ ብሎ ስብሰባ የሚያስነሳ ሰው ነው፣ እድርተኛውም እሱን እንደዛ ነው የሚጠይቀው። ቢሮ ሲሆን ግን ያው ሰው "ስቴትመንቱን አሳየኝ" ማለት የፋይናንስ ሃላፊዋን ሌባ ማለት መሰለው፣ እኔም መሰለኝ። ትንሽ መስሪያ ቤት ውስጥ ሁሉም ይተዋወቃል፣ አብረን ምሳ እንበላለን፣ ልጇ ክርስትና ላይ ነበርን፣ ታዲያ እንዴት ይጠየቃል? ሌላው ደግሞ ፍርሃት አለ፣ ለሰራተኛ ማህበር መሪ አሰሪና ሰራተኛ ህጉ በመሪነቱ እንዳይባረር ከለላ ያደርግለታል፣ የፕሮቪደንት ኮሚቴ አባል ግን በራሱ ደንብ ላይ ካልተጻፈለት ማናጀሩን ፊት ለፊት የሚጠይቀው ባዶ እጁን ነው። ይህን ሳናስተካክል ደፋር ሁኑ ብቻ ማለት አይበቃም።

አደራ የሚባለው ነገር ለኛ አዲስ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ እንኳ ንብረትን ለሌላ ሰው ጥቅም በአደራ ይዞ ስለማስተዳደር ከአንቀጽ 516 ጀምሮ በሰፊው ያወራል። እንግሊዞች ደግሞ ዋጋ ከፍለው ነው የተማሩት፣ በፈረንጆች 1991 የዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ባለቤት ሮበርት ማክስዌል ከሞተ በኋላ ነው ከሰራተኞቹ የጡረታ ፈንድ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ ወጥቶ ድርጅቶቹ እንዳይወድቁ መደገፊያ እንደዋለ የታወቀው። ከዛ በ1995 ህግ አወጡ፣ ከፈንዱ ባለአደራዎች ቢያንስ አንድ ሶስተኛው ሰራተኛው የሚያቀርባቸው እንዲሆኑ መንገድ ከፈቱ፣ በኋላም ባለአደራ የሆነ ሰው የፈንዱን ደንብ ማወቅ አለበት ብለው በህግ ጨመሩ። ማክስዌል ጋ የሆነውና እኛ ጋ የሆነው በመጠን አይገናኝም፣ በአይነቱ ግን ያው ነው፣ ድርጅቱ ሲቸግረው የሰራተኛውን ብር እንደራሱ ኪስ ማየት።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ማንም ሳይነካው የሚያልቅ ብር። ብዙ ትንንሽ ፈንዶች ገንዘቡን ተራ ቁጠባ ላይ ያስቀምጡታል። ብሄራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በ2010 ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳደገው፣ ከዛ ወዲህ ግን የዋጋ ንረቱ አመታዊው ከ30 በመቶ በላይ የሄደበት ጊዜ አለ። በአመቱ መጀመሪያ 100 ሺህ ብር የነበረው ሰው በመጨረሻው 107 ሺህ አለው፣ 100 ሺህ የነበረው እቃ ደግሞ 130 ሺህ ገብቷል። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በቀናት ውስጥ ከ57 ብር አካባቢ 100 ብር ሲያልፍ አይተናል። ኮሚቴው ተአምር ይስራ አልልም፣ ግን ቢያንስ የተለያየ ባንክ ሄዶ ለተወሰነ ጊዜ ሳይነካ ለሚቀመጥ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ስንት ወለድ ትከፍላላችሁ ብሎ መጠየቅና መደራደር ይችላል፣ ለትልቅ ገንዘብ ባንኮች ከተራው ቁጠባ የተሻለ ወለድ ይሰጣሉ። እኛ ይህን ለመጠየቅ አንድ ከሰአት ብቻ ነው የፈጀብን፣ ሁለት አመት ግን ማንም አላሰበውም ነበር።

ለጓደኛዬ ያልኩት እንግዲህ ይሄ ነው። ፈንዱ ከድርጅቱ ማንቀሳቀሻ ሂሳብ የተለየ አካውንት አለው ወይ ብለህ መጀመሪያ እሱን ጠይቅ፣ ከፈራሚዎቹ አንዱ ሰራተኛው የመረጠው ይሁን፣ ያውም ለፋይናንስ ሃላፊው ተጠሪ ያልሆነ ሰው። ስቴትመንቱን ከባንኩ ራስህ ሄደህ ውሰድ፣ ታትሞ የመጣልህን አትቀበል፣ ስድብ አይደለም ስራህ ነው፣ መጀመሪያ ቀን ላይ ሁሉም ፊት "በየወሩ አያለሁ" ካልክ በኋላ ማንም አይቀየምህም፣ የሚያስቀይመው ሁለት አመት ዝም ብሎ ቆይቶ ድንገት መጠየቅ ነው። ቃለ ጉባኤ ተተይቦ ከጠበቀህ ደግሞ አትፈርም። ጽዳቷም ጥበቃውም ስንት ብር እንዳላቸው በቃል ይነገራቸው፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ማንበብ ለሚችል ብቻ ነው።

ሰኔ 30 የበጀት አመታቸውን የሚዘጉ ድርጅቶች ብዙ ናቸው፣ ኦዲተርም ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው። የጓደኛዬም ቢሮ እንደዛው ስለሆነ የአስራ ሁለቱን ወር ስቴትመንት ከፔይሮሉ (ከደሞዝ መክፈያው ዝርዝር) ጋር እያስተያየ እንዲቆጥር ነግሬዋለሁ፣ እኔም ቅዳሜ ሄጄ አብሬው እቀመጣለሁ።