ደንቡን በር ላይ ንገሩን

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤታችን ቡና ላይ ያዙኝ። ልጃቸው ዘንድሮ ኮሌጅ ትገባለች። ካሰቧቸው ቦታዎች አንዱ በቤተ ክርስቲያን ሥር ያለ የግል ኮሌጅ ነው። እሳቸው ደግሞ ጾም የማይገድፉ ኦርቶዶክስ ናቸው። ሐምሌ 19 ሐዋሳ ገብርኤል ሳይሳለሙ አይውሉም።

“እንዲያው አንተ ተምረሃል፤ ሃይማኖቷን ያስቀይሯት ይሆን?” አሉኝ።

“እትዬ፣ መጀመሪያ ሌላ ነገር ጠይቁ” አልኳቸው። “የጸሎት ፕሮግራም ላይ መገኘት ግዴታ ነው? ረቡዕና ዓርብ ምን ትበላለች? አለባበስ ላይ ሕግ አላቸው? ጥፋት ከተገኘባት ቅጣቱ ምንድን ነው?” አንዱንም አልጠየቁም ነበር። ማንም አልነገራቸውም። ክፍያውን ግን እስከ መጨረሻዋ ብር ያውቁታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። አንድ ኮሌጅ የሃይማኖት ተቋም መሆኑ በራሱ ችግር አይመስለኝም። ከሻሸመኔ አለፍ ብሎ ኩየራ የአድቬንቲስቶች ኮሌጅ አለ። አድቬንቲስቶች ከዓርብ ጀምበር መጥለቂያ እስከ ቅዳሜ ጀምበር መጥለቂያ ሰንበት ያከብራሉ። የአሳማ ሥጋ አይበሉም፤ አልኮልና ሲጋራም አይነኩም። እንዲህ ባለ ቤት የሚማር ልጅ ሳምንቱ የሚዞረው በዚያ እምነት ሰዓት ነው። ያንን ፈልጎ ለሄደ ሰው ትልቅ ዕረፍት ነው። ሳያውቅ ለገባ ደግሞ አራት ዓመት ረጅም ነው።

“ታዲያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ብትገባ አይሻልም?” የሚል ይኖራል። ሕገ መንግሥቱ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ አንቀጽ 11። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ ይሰጥ ይላል። ጥሩ ነው። ግን ግቢ ውስጥ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ፍሬሽ ሆነህ ሻንጣህን ዶርም ሳታስገባ አንዱ ወደ ኦርቶዶክሶቹ ግቢ ጉባኤ፣ አንዱ ወደ ፕሮቴስታንቶቹ ፌሎሺፕ፣ አንዱ ወደ ሙስሊሞቹ ጀመዓ ይጠራሃል። ካፌ ውስጥ የጾምና የፍስክ ሰልፍ አለ። ረመዳን ሲመጣ የእራት ሰዓት ጉዳይ ይነሣል፣ ይወድቃል።

እነዚህ ማኅበራት ብዙ ልጅ አድነዋል። ከቤቱ ርቆ የታመመን የሚያስታምሙ፣ ገንዘብ ያለቀበትን የሚደጉሙ እነሱ ናቸው። ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ከመንግሥት ግቢም ሃይማኖት ይውጣ አልልም።

እኔ በተማርኩበት የመንግሥት ግቢ አንድ የዶርም ጓደኛዬ አድቬንቲስት ነበር። አንድ መምህር የቀረውን ኮርስ ለመጨረስ ቅዳሜ ጠዋት ፈተና አደረገ። ልጁ አስቀድሞ ቢሮው ድረስ ሄዶ ለመነው። እሑድም፣ ሰኞ ሌሊትም ቢሆን እፈተናለሁ አለው። “እዚህ ሃይማኖት የለም” የሚል መልስ ተሰጠው። አልተፈተነም፤ ዜሮ ተጻፈለት። ፈተናው እሑድ በቅዳሴ ሰዓት ቢሆን ኖሮ የሴክሽናችን ግማሽ ያምፅ ነበር። ቅዳሜ ስለሆነ ግን ሁላችንም ዝም ብለን ተፈተንን። እኔም ተፈተንኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ “ሃይማኖት የለንም” የሚል ግቢም የሚያከብረው ሰንበት እንዳለው ይታየኛል። የብዙኃኑ ስለሆነ ብቻ ደንብ አይመስልም። በሃይማኖት ኮሌጅ ያው ነገር ወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ ይሰፍራል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ታሪካችን ውስጥ የምወደው አንድ ነገር አለ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የመሩት ካናዳዊው ሉሲየን ማት የካቶሊክ ካህን ነበሩ፤ ከኢየሱሳውያን ማኅበር። አገሩ ኢየሱሳውያንን አልረሳም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ እምነት በመሳባቸው የተነሣው የሃይማኖት ውዝግብ ብዙ ደም አፍስሷል፤ በኋላም ዐፄ ፋሲል አስወጥተዋቸዋል። ሆኖም ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ እነዚያው ኢየሱሳውያን ኮሌጅ እንዲመሩ ተጠሩ። የካህን ልብሳቸውን ትተው እንደ ማንም መምህር ለብሰው አስተማሩ። ስብከት እንደማይፈቀድላቸው ከመነሻው ያውቁ ነበር። ሁለቱም ወገን ድንበሩን አስቀድሞ ስላወቀ ሥራው ተሠራ።

ስለዚህ የሃይማኖት ኮሌጆችን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ግዴታውን፣ ክልከላውንና ቅጣቱን በአማርኛም በአካባቢው ቋንቋም ጽፋችሁ፣ ክፍያ ከመቀበላችሁ በፊት ለወላጅና ለተማሪ ስጡ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም በሰንበቱ ወይም በበዓሉ ፈተና ለገጠመው ተማሪ ሌላ ቀን የሚሰጥ ደንብ ይኑራችሁ። የመምህሩ ደግነት ላይ አትጣሉት።

ጎረቤታችን ቡናው ሳያልቅ ስልካቸውን አውጥተው ኮሌጁ ሬጅስትራር ደወሉ። ድምፁን ከፍ አድርገው ሁላችንም ሰማን። የጸሎት ፕሮግራም አለ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ መቅረት አይቻልም። የጾም ምግብ አለ። ልጅቷ እስከዚያ ድረስ ቄጠማው ላይ ተቀምጣ ፈንዲሻ ትቆረጥም ነበር። ድንገት ስልኩን ከእናቷ ተቀበለችና “ፕሮግራሙ ላይ ከተገኘሁ አብሬ መጸለይ አለብኝ ወይስ ዝም ብዬ መቀመጥ እችላለሁ?” አለች። ሰውዬው ትንሽ ቆየ። “አጣርቼ ልደውልልሽ” አላት። እስካሁን መልሱን እየጠበቅን ነው።